የሞንታርቦ አፍ

በመሥሪያ ቤቱ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ «መቀስ» ነው የሚለው። የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤዲተር ነው፤ ካሜራ ያመጣውን ሁሉ እየቆረጠና እየቀጠለ ለማታው ዜና ያደርሳል። እውነተኛ መቀስ በእጁ ይዞ አያውቅም፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ጣቱን ነው የሚያንቀሳቅሰው። ግን ቅጽል ስም አንዴ ከተለጠፈ ማን ይልጠዋል?

የሚሠራባት ክፍል መስኮት የላትም። አንድ ወንበር፣ ሁለት ስክሪን፣ ከላይ የሚያንጠባጥብ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ከሥሩ ደግሞ የፕላስቲክ ባልዲ። ባልዲው ሲሞላ የሚደፋው እሱ ነው፤ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ግን አልተጻፈም። በሥራ ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ ሌላም ብዙ ነገር ይሠራ ነበር።

ለምሳሌ ሳል። ሰው ሲናገር ያስላል፣ ምራቁን ይውጣል፣ የሚለው ጠፍቶት «እ…» ይላል። ጣቢያው የሚወደው ሰው ከሆነ መቀስ ሳሏን ነቅሎ ይጥላታል፤ ሰውየው አየር ላይ ሲወጣ ሳንባው ብረት ነው። የማይወደው ሰው ከሆነ ግን ሳሏ ባለችበት ትቀመጣለች። እንዲያውም ከሳሏ በኋላ ያለችው ዝምታ ትንሽ እንድትረዝም ይደረጋል፤ ተመልካቹ «ይሄ ሰውዬ አሞታል እንዴ?» ብሎ ጎረቤቱን እንዲጠይቅ። እንዲህ አድርግ ብሎ ያዘዘው ሰው የለም። ልጅ የአባቱን ቤት ጠባይ እንደሚያውቀው፣ ማን ሲመጣ ወንበር እንደሚለቀቅ፣ ማን ሲመጣ እንደማይለቀቅ እያየ ነው የተማረው።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። መቀስ ያመለጠ አፍ ሲለቅም ሃያ ዓመት አለፈና አንድ ቀን በጠፋው ስክሪን ላይ የራሱን መላጣ አየ። አልደነገጠም። ስክሪኑን አበራው፣ መላጣውም ጠፋ።

ከሳል ቀጥሎ ደግሞ ሕዝብ አለ። የአንድ ሰው ንግግር መሐል ላይ ሲቆረጥ ምስሉ ይዘላል። ያ ዝላይ እንዳይታይ በመጋጠሚያው ላይ የሌላ ሰው ምስል ይደረብበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሜዳው ወይም ከአዳራሹ የአንድ አድማጭ ፊት። ሁለት ሴኮንድ ይበቃል። መቀስ ለዚህ የሚሆኑ ፊቶችን በሁለት ክምር ያጠራቅም ነበር። አንዱን «ፀሐይ»፣ ሌላውን «ደመና» ብሎታል። ፀሐይ ውስጥ ልጅ የታቀፉ እናቶች፣ በስምምነት ራሳቸውን የሚነቀንቁ ሽማግሌዎች፣ የሚያጨበጭቡ ተማሪዎች አሉ። ደመና ውስጥ የተከፈተ አፍ፣ የተጨበጠ እጅ፣ አንገት ላይ የተገተረ ደም ሥር። የማን ስብሰባ ከየትኛው ክምር እንደሚቀዳ ዜናው ሳይጻፍ ይታወቃል።

ፊቶቹን ሲመርጥ ድምፅ ይዘጋል። ድምፅ ያዘናጋል ባይ ነው። ፊቱንም ቢሆን በሙሉ አያየውም፤ አፍ አፉን ብቻ ነው የሚያየው። ከሰው ጋር ዓይን ለዓይን ከተያዩ «ማን ይሆን? ከየት መጣ? ልጆች አሉት?» የሚል ሐሳብ ይመጣል፣ ሥራም ይጓተታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ይህ ሐሳብ ይመጣበት ነበር። በኋላ ቀረ። መቅረቱን ያወቀው ከቀረ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ አውቆም ምንም አልተሰማው።

በዚያ ዓመት ምርጫ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አገር ምድሩን ያናወጡት ሁለቱ ናቸው፤ አንዱን ሰዉ «ዶክተሩ» ይለዋል፣ ሌላውን፣ ጎማ ሸጦ ስለከበረ፣ «ጎማው»። እውነቱን ለመናገር ከሁለቱ አንዱን ለጎረቤትነት እንኳ የሚመኘው ብዙ አልነበረም። ሁለቱም አፋቸው አያርፍም። ሁለቱም ጋዜጠኛ ሰድበዋል፣ ሁለቱም ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል። ጣቢያው ግን ለዶክተሩ እናት፣ ለጎማው እንጀራ እናት ሆነ። ማዶ ያለው ሌላው ጣቢያ ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ያዘው፤ እዚያም የራሳቸው መቀስ አላቸውና እዚያ የሚያስለው ዶክተሩ ነው።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ። «ከተመረጥኩ የተቀናቃኜን ሰዎች ከየቢሮው በመጥረጊያ ጠርጌ አስወጣለሁ» አሉ። መጥረጊያዋ ሳትቀር አንድ ናት። የመቀስ ጣቢያ ስለ ዶክተሩ «ቆራጥ የለውጥ መልእክት አስተላለፉ» አለ፤ ስለ ጎማው «አስጊ ንግግር አደረገ»። አንደኛው አንቱ፣ ሁለተኛው አንተ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ሁለቱም እኩል አንተ ይባላሉ፤ ቅር የሚለው ይበለው።

መቀስ የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው። ሚስት አላገባም፤ «ነገ ዛሬ» ሲል ነገ ራሱ አለፈ። የእናቱ ጆሮ ቀስ በቀስ እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ጨርሶ ዘጋ። ያኔ ከንፈር ማንበብ ጀመረች። ሁልጊዜ አይሳካላትም፤ አንድ ጊዜ የአየር ጠባይ የሚያቀርበውን ወጣት ከሚስቱ ጋር ተጣልቷል ብላ ሳምንቱን ሙሉ አዝናለታለች። ማታ ማታ ግን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ «እስቲ ዛሬ የቆረጥከውን እንየው» ትለዋለች። ድምፁን ይዘጉታል፤ ለእሷ አይጠቅማት፣ እሱም ቀኑን ሙሉ ሰምቶታል። ራሱ መቀስ ሲናገር ከንፈሩን የማያላቅቅ ሰው ስለሆነ የገዛ እናቱ አብዛኛውን ንግግሩን አታገኘውም። እሱም ደጋግሞ ከማስረዳት ዝም ማለትን ለምዷል።

ከሰው ሁሉ የምትሰማው የልጇን ባል ነው፤ የመቀስን ታናሽ እህት ያገባውን። ድምፅ ማጉያና ወንበር አከራይ ነው። እነዚያን ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ሁለት ጥቁር ሞንታርቦዎች በጭነት መኪና ጭኖ ከሰርግ ሰርግ፣ ከስብሰባ ስብሰባ ስለሚዞር ሰፈሩ «ሞንታርቦ» አለው። ስሙ ግን ሽሙጥም አለበት፤ ምክንያቱም ከእሱ ይበልጥ ድምፁ የማይሰማ ሰው በዚያ ሰፈር አልነበረም። ሚስቱ «ላግባሽ ሲለኝ ሦስቴ ነው ያስደገምኩት፤ ሁለቱን ጊዜ ሰዓት የጠየቀኝ መስሎኝ ነበር» እያለች ታስቃለች። አማቱ ፊት ሲቀመጥ ግን ወደ እሷ ይዞራል፣ አፉን በደንብ ይከፍታል፣ ቃሉን አንድ በአንድ ያወጣል። ድምፅ አያሰማም፤ አያስፈልጋትማ። «እሱ ሲመጣ ጆሮዬ ይመለሳል» ትላለች። በየሳምንቱ እሑድ ማታ እየመጣ የሰፈሩን ወሬ በከንፈሩ ያጫውታታል።

ሞንታርቦ ለመጣ ሁሉ ያከራያል። «ሽቦ ፖለቲካ አያውቅም» ነው የሚለው። እንጀራው ግን ፖለቲካ ሳይሆን የሰፈሩ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነበር። የሽልማት ቀን፣ የወላጆች ስብሰባ፣ የስፖርት ውድድር፣ የዓመቱ መዝጊያ፣ ሁሉም የእሱ ነው፤ ዳይሬክተሩም «ሳይጮኽ የሚያስጮኽ ሰው» እያሉ ያመሰግኑት ነበር።

ቅዳሜ ዶክተሩ፣ እሑድ ጎማው፣ በአንድ ሜዳ ላይ ሰልፍ ጠሩ። ለሁለቱም ወንበሩንና ድምፁን ያቀረበው ሞንታርቦ ነው። ወንበሮቹ ከሜዳው ሳይነሡ አደሩ፤ የተቀየረው ባንዲራና የተቀማጩ ሰው ብቻ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ካሜራማኑ ምስሉን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። መቀስ ድምፁን ዘጋ። የጎማውን ንግግር በሦስት ቦታ ቆረጠ፣ ሳሉን አስቀመጠ፣ ከዚያ ለመጋጠሚያው አፍ ፍለጋ ገባ። አንድ ግሩም አፍ አገኘ፤ እስከ ጉሮሮ የተከፈተ፣ የላይኛው ጥርስ የሚታይ፣ ባለ መስመር ሸሚዝ። ሁለት ሴኮንድ ቆርጦ ደረበው፤ ወደፊትም ይጠቅማል ብሎ ድምፅ የሌለውን ግልባጩን ደመና ውስጥ አኖረው።

ማታ ከእናቱ ጋር ተቀምጠው አዩት። ዜና አንባቢዋ፣ ድምፁ ተዘግቷል እንጂ፣ «ደጋፊዎቹ ቁጣቸውን ሲያሰሙ ነበር» እያለች ነው። እናቱ ከወንበሯ ጠጋ አለች።

«ይሄ የኛው ሞንታርቦ አይደለም? ምን ሆኖ ነው ውሃ፣ ውሃ የሚለው?»

መቀስ ያኔ ነው ፊቱን ያየው። ዓይኑ፣ አፍንጫው፣ ልብስ ሲተኩስ ያቃጠላት የሸሚዙ ኮሌታ፣ ሁሉም የእህቱ ባል ነው። ቀጣዩ ዜና ገባ። እናቱ «ምናልባት ጠምቶት ይሆናል» አለችና ተወችው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ሞንታርቦ ነገሩን ከሁሉ በኋላ ነው የሰማው፤ ዜናው ሲተላለፍ ሜዳው ላይ ሽቦ እየጠቀለለ ነበር። በማግስቱ ሰፈሩ መንገድ ላይ አስቁሞ ሳቀበት። «ለካ ድምፅ አለህ! ለጎማው አስቀምጠኸው ነው?» ከሳቁ ይልቅ የከበደው ከትምህርት ቤቱ የመጣው ስልክ ነው። ዳይሬክተሩ በትሕትና ነው የተናገሩት። ወላጆች አይተዋል፤ እንዲያ የሚቆጣ ሰው ሴቶች ልጆች ባሉበት ግቢ እንዲመላለስ አንፈልግም ብለዋል፤ ለጊዜው የዓመቱን መዝጊያ ለሌላ ሰው መስጠት ሳይሻል አይቀርም። «ለጊዜው» ማለት በዚያ አገር ለዘለቄታው ማለት ነው።

የመቀስ እህት ማታውን መጣች። እናቷን ሳመች፣ አልተቀመጠችም።

«ወንድም ጋሼ፣ ያንን ማን እንደቆረጠው ታውቃለህ?»

«እኔ ነኝ» አላት፤ የጫማ ቁጥሩን እንደተጠየቀ ሰው።

«አላየኸውም?»

«አፉን ነው ያየሁት።»

እህቱ ተናደደች፤ ንዴቷ ግን መውጫ አጣ። በሚያለቅስ ወይም በሚከራከር ሰው ላይ መናደድ ይቻላል፤ እንደ ግድግዳ በሚያይ ወንድም ላይ ምን ይባላል? ባሏ ለምን እንደጮኸ ነገረችው። አንዲት ሴት በፀሐዩ ወድቃ ነበር። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ አንተ የወሰድከውን አንተው መልሰው» ብላው ሄደች።

በማግስቱ ጥሬውን ምስል ከፈተ፤ ከስንት ዘመን በኋላ ድምፁን ሳይዘጋ። ሞንታርቦ «ሰው ወድቋል! ውሃ! መንገድ ልቀቁ፣ ውሃ!» ይላል። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ለጩኸት አልተሠራም፣ መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል። ካሜራው ዞሮ ሴትዮዋን ያገኛታል፤ በወንበሮቹ መሐል ተዘርግታለች። ጎማው ከመድረኩ ዘሎ ይወርዳል፣ በሙሉ ልብሱ አቧራው ላይ ይንበረከካል፣ ንግግሩ በተጻፈበት ወረቀት ያራግብላታል። ለካሜራው ይሁን ለነፍሱ እሱ ያውቃል፤ ማራገቡን ግን አራግቧል። ሴትዮዋ ጠጥታ ትቀመጣለች፣ ሰው ያጨበጭባል።

መቀስ ይህን ሁሉ እሑድ ዕለት አይቶት ነበር። አይቶ ቆርጦ ጥሎታል፤ ለደመና አይሆንማ። ቅዳሜም አንድ ሽማግሌ እንደወደቁ ትዝ አለው። ዶክተሩ ንግግሩን ሳያቋርጥ ቀጥሎ፣ ሽማግሌውን ሁለት ጎረምሶች ተሸክመው አወጧቸው። ያንንም ቆርጦታል። ሁለቱን ሲቆርጥ እጁ እኩል ነበር፤ ያ ነው ነገሩ።

ወደ ዋና አዘጋጇ ክፍል ሄደ። ክፉ ሴት አይደለችም። ምሳዋን ጠረጴዛዋ ላይ ስልክ እያነሣች የምትበላ፣ ሰው ሲታመም ከራሷ ኪስ የምትሰጥ፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ አለቃ ናት። ምስሉን ሁለት ጊዜ አየችው፣ ሹካዋንም አስቀመጠች። ይህን ካወጣን የወደቀ ሰው የሚያነሣው ጎማው ነው፣ ምርጫው ደግሞ ደጃችን ላይ ነው አለችው። ማዶ ያለው ጣቢያ ዶክተሩን ሲያብጠለጥል ስለሚውል እኛ ካልተከላከልንለት ማን ይከላከልለታል አለች። ያለችውን ከልቧ ታምንበት ነበር። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብላ ከደመደመች በኋላ ግን አሳዘናት መሰለኝ፣ መላ ፈለገችለት። ሰውየህ ቅዳሜም እዚያው አልነበረም? እየሳቀ የሚታይበት የለም? እሱን እናውጣለት። ከቁጡዎቹ ብቻ እንዳልሆነ ሰው ይየው።

ሞንታርቦ ቅዳሜ ስቆ ነበር። ጠዋት ሙሉ ሲጮኽበት የነበረው ሽቦ ድንገት ዝም ሲልለት ነው የሳቀው፤ ዶክተሩ ገና ሜዳው ላይ አልደረሰም። መቀስ ያችን ሳቅ ነቅሎ ዶክተሩ ስለ ነገው ተስፋ ከሚናገርበት ላይ ገጠማት። ልክ ገባች። እንዲህ ያማረ መጋጠሚያ ከሠራ ቆይቷል፤ የሞንታርቦን ፈቃድ መጠየቅ ግን አልታሰበውም። ሲጨርስ፣ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ጢም ያለ ስለሆነ፣ እንደ ልማዱ የቅዳሜንና የእሑድን ጥሬ ምስል ወደ ቅርጫቱ ጥሎ ቅርጫቱን ባዶ አደረገው። ከሥራ በኋላ እጅ እንደመታጠብ ነው። ባልዲውንም ደፋና ወደ ቤቱ ሄደ። ለእናቱ፣ ለወትሮው የማያደርገውን፣ «ዛሬ ሞንታርቦ ይስቃል» አላት። አልሰማችውም፤ ሲወጣ ግን አየችው፣ ደስ አላት።

ያች ሳቅ የቀረውን ጨረሰችው። የጎማው ሰዎች በእሑዱ ጩኸት ከእኛ ወገን ነው ብለው ሥራ ሊሰጡት ነበርና «ሰላይ ነው» ብለው ተዉት። የዶክተሩ ሰዎች ደግሞ እሑድን አልረሱም። ዳይሬክተሩ ለመቀስ እህት በስልክ እንዲህ አሏት፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር፣ ቁጡን ሰው ታውቂዋለሽ፤ በሁለት ቢላዋ የሚበላን ግን ከየት በኩል ትጠብቂዋለሽ?

እሑድ ሞንታርቦ ብቻውን መጣ። መጀመሪያ አማቱ ፊት ተቀምጦ እንደ ሁልጊዜው በከንፈሩ ጤንነቷን ጠየቃት። ከዚያ ወደ መቀስ ዞረ፤ መቀስም እንዲሰማው ጆሮውን አስጠጋ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ምስሉን ተወው። ድምፁን ብቻ ስጠኝ፤ ለዳይሬክተሩ ላሰማቸው።»

«የለም።»

«የት ሄደ?»

«አጥፍቼዋለሁ። ሁልጊዜ ነው የማጠፋው።»

ሞንታርቦ፣ ሽቦው ተቃጥሏል እንደተባለ ሰው፣ ራሱን ነቀነቀ። «እኮ ለምን በአፌ እንደጮኽኩ ታውቃለህ?» አለው። «ጎማው መናገሩን አላቆመም ነበር። ሴትዮዋ መውደቋን አላየም። እኔ ነኝ ሽቦውን የነቀልኩበት። ከዚያማ በምን ልናገር?»

መቀስ ይህን ሲሰማ ማፈር እንደነበረበት ገባው። እፍረቱን ግን ቢፈልገው አጣው። ያ ትንሽ አስፈራው፤ ፍርሃቱም ብዙ አልቆየም።

የመጨረሻዋ ምስክር እናቱ ናት። ሴት ልጇን ይዛ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደች። ዳይሬክተሩ ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሏት። «ውሃ ነው ያለው፤ የልጄን አፍ አውቀዋለሁ» አለቻቸው። እሳቸው በአክብሮት ጎንበስ ብለው አንድ ነገር መለሱላት፤ ስትመለስ ምን እንዳሉ ለመቀስ ነገረችው። «እማማ፣ እኔም እኮ በዓይኔ አይቻለሁ» ነው ያሏት።

ሞንታርቦ መጀመሪያ ወንበሮቹን ሸጠ፣ ቀጥሎ ሽቦውንና መኪናውን። ሁለቱን ትላልቅ ሞንታርቦዎች የሚገዛ ጠፍቶ ኮሪደሩ ላይ ቀሩ፤ ሚስቱ ልብስ ታሰጣባቸዋለች። እሱ ከከተማው ወጣ ብሎ የሲሚንቶ መጋዘን ጠባቂ ሆነ። እሑድ ተረኛ ነው። እሑድ ተረኛ የሆነው በግድ ይሁን ጠይቆ፣ ለመቀስና ለእናቱ ማንም አልነገራቸውም። እህቱም እናቷን መቀስ በሌለበት ሰዓት እየመጣች ታያት ጀመር። እናቱ እሑድ ማታ ልብሷን ለውጣ ትቀመጥና፣ ሲመሽ የሚያዋራት አጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ትዞራለች። ለእሷ ስልክ መደወል አይቻል፣ ደብዳቤ እንዳይላክላት የቅርብ ፊደል ማየት አቅቷታል። ጆሮዋ ለሁለተኛ ጊዜ ተዘጋ።

ምርጫው ተደረገ። ዶክተሩም ጎማውም የሚበቃ ድምፅ አላገኙምና ሁለተኛ ዙር ታወጀ። እንግዲህ ያ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ሳሉም፣ ጡጫውም፣ ራሳቸውን የሚነቀንቁ ሽማግሌዎችም።

አንድ እሑድ የጎማው ንግግር ዘግይቶ ደረሰ። ዜና አንባቢዋ ፊቷን ተቀብታ ተቀምጣለች፣ ዋና አዘጋጇ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። መሐሉ ላይ አንድ መጋጠሚያ ባዶ ቀርቷል፤ ካሜራማኑ የሕዝቡን ምስል አላመጣም። የመቀስ እጅ ደመናን ከፈተችና ሁለት ሴኮንድ ሳበች። እስከ ጉሮሮ የተከፈተ አፍ፣ ባለ መስመር ሸሚዝ። በዚህኛው ጊዜ አፉን ብቻ አይደለም ያየው። ዓይኑንም አየው፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እያለ እንደሆነ፣ ሁሉንም አወቀ። ሌላ ለመፈለግ ምናልባት ጊዜ ነበረ፣ ምናልባትም አልነበረም። ጥርሱን በማደንዘዣ እንደሚያስነቅል ሰው፣ የሆነ ነገር ሲሳብ ተሰማው፤ አላመመውም።

«ደረሰ?» አለች ዋና አዘጋጇ።

«ደርሷል።»

ንግግሩ የሚተላለፈው በዜናው መጨረሻ ላይ ስለነበርና ቤቱም ቅርብ ስለሆነ ደረሰበት። እናቱ የእሑድ ልብሷን ለብሳ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣለች። ከጎኗ ተቀመጠ። ጎማው ተናገረ፣ አሳለ፣ ዝምታው ትንሽ ረዘመ። ከዚያ ሞንታርቦ ወጣ።

እናቱ ብድግ አለች። ስንት ወር ያላየችውን አፍ ነው ያየችው። እስከ ስክሪኑ ድረስ ተጠግታ፣ እጇን ልታደርግበት ዘርግታ፣ ሳትደርስበት ጠፋ። ቆማ ትንሽ ጠበቀች፤ ይመለሳል ብላ ይሆናል። አልተመለሰም። ያኔ ወደ ልጇ ዞረች።

«እስካሁን ውሃ አላመጡለትም?»

ፊቱን እያየች መልሱን ጠበቀች። እንድትሰማው አፉን መክፈት ነበረበት፤ መቀስ ግን ከንፈሩን ሳያላቅቅ ተቀመጠ።